የቪዛ ደንብና የአጭር ቆይታ ጎብኚ፦ የካ ክፍለ ከተማና የእንጦጦ ኮረብታዎች እንደ ማሳያ

መግቢያ

ቪዛ አንድ ሀገር ወደ ግዛቷ ማን፣ ለምን ዓላማና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ አስቀድማ የምትወስንበት መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን በኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ተደንግጓል። የቱሪዝም ሥራ በበኩሉ የሚተዳደረው በሚገባው ሰው ነው። የሁለቱ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ በጥብቅና በልል ቁጥጥር መካከል እንደሚደረግ ምርጫ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ዋናው ጥያቄ የጥብቀት ሳይሆን የልክ ነው የሚል ነው፤ ይኸውም የቪዛው ክፍያና አሠራር ከጎብኚው የቆይታ ርዝመት ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው።

የአካባቢው ሀብት

የካ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የተዘረጉት የእንጦጦ ኮረብታዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም፣ የቀድሞው ቤተ መንግሥታቸውና በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለችው ዋሻ ሚካኤል በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክም ለአካባቢው አዲስ መስሕብ ሆኗል።

እነዚህን ቦታዎች ሁሉ ማየት የብዙ ቀን ጉዞ አይጠይቅም፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ከመካከላቸው አንዱን ወይም ሁለቱን በግማሽ ቀን ጎብኝቶ መመለስ ይቻላል። በመሆኑም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሌላ ሀገር የሚሻገረው መንገደኛ ለአካባቢው የቅርብ ገበያ ነው። ከእርሱ ወጪ የሚጠቀሙት አስጎብኚዎች፣ የታክሲ አሽከርካሪዎች፣ ቡና አፍዪዎችና የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ነጋዴዎች ናቸው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው በመውረድ ይተዳደሩ ከነበሩ ሴቶች መካከል ወደ ሽመና የዞሩትም የሻርፕ ገዢያቸው በአብዛኛው ጎብኚ ነው።

የደንቡ ጉዞና የክፍያው ሚዛን

ኢትዮጵያ በሯን በየምድቡ ስትከፍት ቆይታለች። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች በመታወቂያቸው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ፈቀደ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ተጀመረ። ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ ሀገሮች ዜጎች ቪዛ በመዳረሻ እንዲያገኙ ተደረገ። የእነዚህ እርምጃዎች መለያ ትውልድ፣ ዜግነት ወይም የማመልከቻ መንገድ ነው።

የቆይታ ርዝመት ያለው ትርጉም ከክፍያው ይታያል። የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ሲጀመር የ30 ቀን ክፍያ 52፣ የ90 ቀን ደግሞ 72 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚህ ስሌት 30 ቀን የሚቆይ ጎብኚ ለአንድ ቀን ሁለት ዶላር የማይሞላ ይከፍላል፤ በዚያው ቪዛ ለአንድ ቀን ብቻ የሚገባው ግን 52 ዶላሩን በሙሉ ይሸከማል። እንጦጦን ለማየት ከሚያወጣው ገንዘብ የቪዛው ክፍያ ሊበልጥበት ስለሚችል ብዙ መንገደኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣ አያስደንቅም። የትራንዚት ቪዛ ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችል ምድብ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን መንገደኛው በቆጣሪው ፊት ሲቆም ሳይሆን የአውሮፕላን ቲኬት ሲቆርጥ ካወቀው ነው፤ ቀኑን በእንጦጦ ለማሳለፍ የሚወስነው ያኔ ነውና።

የሰጥቶ መቀበል መርህ

የብሪታንያና የኬንያ ኤምባሲዎች ሁለቱም በየካ ይገኛሉ። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል የቪዛ ግዴታ በጋራ ስለተነሣ የሁለቱ ሀገሮች ዜጎች በእኩል ይስተናገዳሉ። ወደ ብሪታንያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ሰነድና የገንዘብ አቅም ማስረጃ አቅርቦ አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። ኢትዮጵያ ለብሪታንያዊው ጎብኚ ያንኑ ጥብቀት ብትመልስ መርሁ ይከበር ይሆናል፤ ጉዳቱ ግን የሚያርፈው ደንቡን ባወጣው መንግሥት ላይ ሳይሆን በእንጦጦ ሻርፕ ሻጯ ላይ ነው። በአንጻሩ ግዴታውን ያለ ምላሽ ማንሣት የመንግሥትን ገቢና የመደራደሪያ አቅም ያሳጣል። ስለዚህ መርሁ ለረጅም ቆይታና ለሥራ ፈቃድ ቢጠበቅ፣ ለሰዓታት ጉብኝት ግን ቢላላ የሚያስከትለው ኪሳራ አነስተኛ ነው።

ደኅንነትና ፍጥነት

የደኅንነት ማጣሪያና ፈጣን መስተንግዶ የግድ አይጋጩም። በመዳረሻ ቆጣሪ ላይ ሠራተኛው ለውሳኔ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አስቀድሞ የደረሰ ማመልከቻ ግን በእርጋታ ይመረመራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ቪዛን ብታስቀርም ቅድመ ጉዞ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ተክታለች፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ማጣሪያው አልቀረም። ይሁን እንጂ የባንክ ካርድ ወይም አስተማማኝ ኢንተርኔት ለሌለው መንገደኛ የመዳረሻው አገልግሎት መቀጠል ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የአጭር ቆይታ ክፍያ በሰዓት ወይም በቀን ይመጠን። ሁለተኛ፣ የትራንዚት ቪዛ መረጃና ማመልከቻ ከቲኬት ግዢ ጋር ይያያዝ። ሦስተኛ፣ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እና የቱሪዝም ሚኒስቴር የጋራ መለኪያ ይኑራቸው፤ ምን ያህል ቪዛ እንደተሰጠ ብቻ ሳይሆን ከትራንዚት መንገደኞች ስንቱ ወደ ከተማ እንደወጣም ይቆጠር። ቪዛ ብቻውን ቱሪዝምን አያሳድግም፤ ሰላም፣ መንገድና ንጹሕ አገልግሎት ያስፈልጋሉ። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ተሟልተው መንገደኛው ከቦሌ ካልወጣ ለየካና ለእንጦጦ ነዋሪ የሚደርሰው ጥቅም አይኖርም።