ያነባል ወይስ በቃሉ ይወጣዋል? በንባብ ወደ ኋላ ስለቀሩ ልጆችና ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በየአጥቢያችን ወደ ትምህርት ቤት እየተመላለሱ ማንበብ ግን ስላልቻሉ ልጆች ነው። ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገራችን በተደረገው የንባብ ክህሎት ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ተሻሽለዋል፤ ችግሩ ግን ዛሬም በደጃችን አለ። አያሌ አጥቢያዎችም መፍትሔው ታብሌትና ኮምፒዩተር እንደ ሆነ በማመን የድጋፍ ጥያቄ ያቀርቡልናል። ጥያቄውን በደስታ እንቀበላለን። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ልንማረው የሚገባ ነገር አለ።

ከራሳችን ስህተት እንጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ፣ ከበጎ አድራጊዎች የተገኙ ታብሌቶችን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አስረከብን። ርክክቡ በጸሎት ተከፈተ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ሪፖርትም ተጻፈ። ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ስንመለስ ታብሌቶቹ እንዳይሰረቁ ተብሎ በዕቃ ቤት ተቆልፈው አገኘናቸው። አልፎ አልፎ ሲወጡም የሚሰጡት ለሽልማት ያህል ለጎበዞቹ ልጆች ነበር። ጥፋቱ የኮሚቴው አልነበረም። መሣሪያውን ስናስረክብ ለማን፣ ለምንና እንዴት እንደሚያገለግል ያልተናገርነው እኛ ነን።

በዚያው ቀን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ሙሉ ሳያቋርጥ አነበበልን። አመስግነነው ልናልፍ ስንል የአጥቢያው የኔታ «እስቲ ከመካከሉ ጠይቁት» አሉን። ጣታችንን በአንዲት ቃል ላይ አሳረፍን። ልጁ ዝም አለ። ከዚያም ከገጹ መጀመሪያ ተነሥቶ በሹክሹክታ እየደገመ ሲወርድ ቃሏን አገኛት። ለካስ ገጹን በቃሉ ይዞት ኖሯል። መምህሩም፣ ኮሚቴውም፣ እኛም ያነባል ብለን ነበር። አባቱ ግን ልጁ ደብዳቤ ማንበብ እንዳልቻለ በቤታቸው አይተው፣ «ካልገባው ከብት ይጠብቅ» በማለት ከትምህርት ገበታ ሊያስቀሩት ወስነው ነበር።

ከአቡጊዳ የምንማረው

የኔታ የልጁን ችግር በአንድ ጥያቄ ያወቁት በአጋጣሚ አይደለም። የአብነት ትምህርታችን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሕፃኑ በስንደዶ እያመለከተ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ፊደል ይቆጥራል። ነገር ግን ዜማውን ይዞ ፊደሉን ሳይለይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ተብሎ አቡጊዳ ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉ ሲበተን፣ በቃል የያዘውና በዓይኑ የለየው ይታወቃል። ከዚህ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ያልፋል። በአንድ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ሁሉንም እንደየደረጃው እንጂ እንደ ዕድሜው አይጠይቁትም።

በህንድ ሀገር «ፕራታም» የተባለው ድርጅት በስፋት ያስታወቀው ዘዴም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት መጠን መድቦ፣ ከቆሙበት ቦታ አንሥቶ ያስተምራቸዋል።

መሣሪያው ብቻውን ምን ያህል ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ድርጅት አማካኝነት፣ በሀገራችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ያለ መምህር ታብሌቶች ተሰጥተው ነበር። ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው መሣሪያውን ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ የእንግሊዝኛን ፊደል በዜማ ያወርዱት ጀመር። ይህ የልጆቻችን አእምሮ ምን ያህል ክፍት እንደ ሆነ ያስረዳል። ነገር ግን ፊደልን ማዜምና ማንበብ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ከላይ አይተናል። በፔሩ ሀገር ለገጠር ትምህርት ቤቶች ላፕቶፖች በብዛት ከታደሉ በኋላ በተደረገውና በዚያው በ2012 በታተመው ጥናት፣ በቋንቋም ሆነ በሒሳብ ውጤት ላይ መሻሻል አልታየም።

በአንጻሩ በህንድ በዴልሂ ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ሌላ ውጤት አሳይቷል። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ልጅ ደረጃ እየለየ ለእርሱ የሚስማማውን ልምምድ ያቀርብለት ነበር። ከዚህ ጋር ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው በረዳት መምህር ይማሩ ነበር። በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲ ቋንቋም ተሻሻሉ። እንግዲህ መሣሪያ የሚጠቅመው እንደ አቡጊዳ ልጁ የቆመበትን ቦታ ሲለይ፣ እንደ የኔታም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ነው።

በአማርኛ ንባብ መሣሪያው የሚረዳበት

ፊደላችን 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። ሰባና ሰማንያ ተማሪ የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ስህተት ሊሰማ አይችልም። ድምፅ ያለው መሣሪያ ግን ልጁ አንዱን ፊደል ሃያ ጊዜ ቢጠይቀው አይሰለችም፤ በጓደኞቹም ፊት አያሳፍረውም።

ሁለተኛም፣ አጻጻፋችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። ጀማሪው አንባቢ ይህን ከወረቀት ብቻ ሊያገኘው አይችልም። ጽሑፉን እያየ ትክክለኛውን ድምፅ መስማት ያስፈልገዋል።

የአጥቢያው ሥራ በአራት ደረጃ

አንደኛ፣ አስቀድሞ ማዳመጥ። ልጆቹ አንድ በአንድ፣ ከሌሎች ተለይተው ይነበብላቸው ዘንድ ሳይሆን ራሳቸው ያነቡ ዘንድ ይቅረቡ። የተበታተኑ ፊደላት፣ ጥቂት ቃላትና ከዚህ በፊት ያላዩት አጭር አንቀጽ ይሰጣቸው፤ ስለ አንቀጹም አንድ ጥያቄ ይጠየቁ። በዚህም ፊደል ያልለየው፣ ፊደል ለይቶ ቃል ያልገጠመው፣ ቃል እንጂ አንቀጽ ያልቻለውና አንብቦ ያልተረዳው ይለያሉ።

ሁለተኛ፣ ባለው መጀመር። አንድ ስልክ ይበቃል። መምህሩ ወይም የኔታ አጫጭር ምንባቦችን ቀስ ብለው አንብበው ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ልጁም ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ያዳምጥ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ በይፋ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚገኙ የልጆች መጻሕፍትን በአማርኛም ይዟል። ኢንተርኔት ካለበት ከተማ አንድ ጊዜ ተጭነው ወደ ገጠር ሊወሰዱ ይችላሉ። የልጁ አፍ መፍቻ ሌላ ቋንቋ ከሆነ በዚያው ይጀመር።

ሦስተኛ፣ ሰው መመደብ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንዱ ለሁለት ልጆች ይመደብ። በሳምንት ሦስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ በአንድ ቀን ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይሻላል። የወጣቱ ሥራ ልጁ መሣሪያውን ሰምቶ ሲያበቃ ድምፁ ተዘግቶ ራሱ እንዲያነብ ማድረግ ነው።

አራተኛ፣ ኃላፊነትን መለየት። ቁልፉን የሚይዘው፣ ባትሪውን የሚሞላው፣ በመዝገብ የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። መሣሪያው ቢሰበር ኮሚቴው በሠራተኛው ላይ እንደማይፈርድ አብሮ ይጻፍ፤ መሣሪያዎች ተቆልፈው የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነውና።

ልጁ እንዴት ሆነ?

ታብሌቶቹ ከዕቃ ቤት ወጡ። የመጀመሪያው ለዚያ ልጅ ተሰጠ፤ የኔታ ራሳቸው ወደ አባቱ ቤት ሄደው እስከ ፋሲካ እንዲታገሡ ለመኑ። ልጁ ከፊደል ጀመረ። በሦስተኛ ክፍል ሆኖ ራብዕንና ኃምስን ከመለየት መነሣቱ ከብዶት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ስንመለስ አዲስ ወረቀት ሰጠነው። ዘገምተኛ ነበር፤ በሁለት ቃላት ላይም ተሰናከለ። ነገር ግን ከመካከል ስንጠይቀው ከላይ አልጀመረም። አባቱ ከበስተኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ልጁ ዛሬም ከጓደኞቹ ጋር እኩል አልደረሰም፤ ከትምህርት ገበታው ግን አልተነሣም።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ይችል ነበር። የጎደለው ወጥቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ነበር፤ ዲያቆኑ ፊልጶስም ይህን አደረገለት። ለልጆቻችንም መሣሪያውን ከመስጠት ጋር አጠገባቸው መቀመጥ ይጠበቅብናል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን በቃላቸው የሚወጡትንና በእርግጥ የሚያነቡትን ልጆች ለይተን እናውቃለን?
2. በዕቃ ቤታችን ተቆልፎ የሚገኝ፣ ለዚህ አገልግሎት ሊውል የሚችል ምን አለ?
3. በሚቀጥለው ወር ከልጆቹ አጠገብ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?