ቢጫ አልባው ጅራት ነቅናቂ፦ ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎችን በመስክ ስለመለየት

በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በኢትዮጵያ የሐይቅ ዳርቻዎችና የግጦሽ መስኮች በብዛት ከሚታዩት ጅራት ነቅናቂ ወፎች አንዱ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰየመው ሞታሲላ ፍላቫ ነው። አዋቂው በቢጫ ቀለሙ ይታወቃል። የመጀመሪያ ዓመት ጫጩቶቹ ግን አንዳንዶቹ ቢጫ የሌላቸው፣ ግራጫና ነጭ ብቻ በመሆናቸው፣ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ከሆነው ከሞታሲላ ሲትሬዮላ ጋር ይምታታሉ።

ወሳኙ ምልክት ፊት ላይ ነው። በሲትሬዮላ ከዓይን በላይ የሚጀምረው ነጣ ያለ መስመር የጆሮውን ስፍራ ከኋላ ዞሮ ወደ ጉሮሮው ጎን ይወርዳል፤ በፍላቫ ይህ ዙሪያ አይሟላም። በዓይንና በመንቁር መካከል ያለው ስፍራም በፊተኛው ፈዘዝ፣ በኋለኛው ጠቆር ይላል። የታችኛው መንቁር ሥር ፈዛዛ መሆን ወደ ፍላቫ ያመዝናል። የክንፉ ነጫጭ መስመሮች ስፋት ይረዳል፤ ሆኖም የላባው ጫፍ ሲያልቅ መስመሮቹ ስለሚሳሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሻካራ ጥሪም እንዲሁ፦ የምሥራቅ እስያው ሞታሲላ ቹቸንሲስ ተመሳሳይ ድምፅ አለው።

ሲትሬዮላና ፍላቫ አልፎ አልፎ ስለሚዳቀሉ፣ ምልክቶቿ የማይስማሙ ወፍ በቆጠራ መዝገብ ላይ «ያልተለየች» ተብላ ብትሰፍር ይመረጣል።