እንግዳው የስብከት መምህር ሲመጣ

ጥያቄ፦ በሸጎሌ በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ከውጭ አገር የሚመጣ መምህር ለ5 ቀናት ስብከት ሊያስተምር ነው። ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በቅድሚያ አስተርጓሚው ይታሰብ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አስተርጓሚው የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። መምህሩ በአጫጭሩ ይናገር፤ ማስታወሻውንም አስቀድሞ ይስጠው። ሁሉም ነገር ሁለቴ ስለሚነገር፣ የ2 ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሚይዘው የ1 ሰዓት ትምህርት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። ኢትዮጵያ ለስብከት እንግዳ አገር አይደለችም። የአንድምታ ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየፈርጁ ሲተረጉሙ፣ ባለቅኔዎች በሰምና ወርቅ ሲናገሩ የኖሩባት ምድር ናት። ስብከትን በሦስት ነጥብ ከፍሎ ማቅረብ ጠቃሚ ስልት ነው፤ ብቸኛው መንገድ ተደርጎ ሲሰጥ ግን ተማሪውን ከገዛ አንደበቱ ይለየዋል።

የወላይታን ታሪክ መምህሩ ቢሰማው መልካም ነው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ሶዶ ደረሱ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ገና 50 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺህዎች የሚቆጠሩ ምእመናን ጠበቋቸው። በእነዚያ ዓመታት፣ በስደትና በግርፋት መካከል፣ የሰበኩት የአገሬው ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ከጊዜው ግማሹ ለተማሪዎቹ ይሁን። በአማርኛ ይስበኩ፣ አስተርጓሚው ለመምህሩ በጆሮው ይንገረው፤ አስተያየት ሲሰጥም የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጡ። እነሱ እንግዳው ከሄደ በኋላም ተማሪዎቹን ይከታተላሉ።