የናፍጣ ሞተር በብርድ ማለዳ ለምን አልነሣ ይላል? የፖምፓው የመርጫ ጊዜ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደብ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኮረም ይጓጓዝ እንደነበር ይታወቃል። በጠረፉ ሙቀት ያለ ችግር ይነሣ የነበረ ከባድ መኪና ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ሲያድር ማለዳ እምቢ ሊል ይችላል። 200 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና፣ ለአንድ ሰው በቀን 500 ግራም ቢታሰብ፣ የ40,000 ሰዎችን የዕለት እህል ይዞ ይቆማል ማለት ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ የሚረጨው ናፍጣም በዚያው ግለት በራሱ ይነዳል። በሞቀ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በብርድ ግን ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ ስለሚያዞረው ግለቱን ቀዝቃዛው የሲሊንደር ግድግዳ ይወስደዋል፤ ከታመቀውም አየር ከፊሉ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ያመልጣል። የደጋው አየር ስስ መሆኑም ተጨማሪ እንቅፋት ነው። በመሆኑም በቂ ግለት የሚገኘው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ በሚደርስበት አጭር ቅጽበት ብቻ ይሆናል።

ፖምፓው ከዚህ ቅጽበት እጅግ ቀድሞ ቢረጭ ናፍጣው ገና ባልጋለ አየር ውስጥ ይገባና ግድግዳውን ያርሳል፤ ሲነድም ፒስተኑን ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል። ዘግይቶ ቢረጭ ደግሞ ፒስተኑ መውረድ ስለሚጀምር አየሩ ይበርዳል። ይሁንና የቀዘቀዘ ሞተር ናፍጣን ለማቀጣጠል ስለሚዘገይ መጠነኛ ማስቀደም ይጠቅማል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለዚሁ ሲባል ሞተሩ እስኪሞቅ ብቻ የሚያገለግል ማስቀደሚያ በፖምፓው ላይ ያበጃሉ።

ነገር ግን ፖምፓውን ለመንካት መቸኮል አይገባም። አስቀድሞ ጭሱን መመልከት ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም፤ ይኸውም የታፈነ ማጣሪያ ወይም በቧንቧው የገባ አየር ሊሆን ይችላል። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ የሚመረመረው ባትሪው ነው፤ የደከመ ባትሪ ሞተሩን አዝግሞ ስለሚያዞር የመርጫ ጊዜው የተዛባ ያስመስላል። ባትሪውና እመቃው ደኅና ከሆኑ ብቻ ወደ ፖምፓው ይኬዳል።

በጆሮ እያዳመጡ ፖምፓ የሚያስተካክሉ ሰዎች አሉ። ልምዳቸው የሚናቅ ባይሆንም አሠራሩ አደገኛ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፖምፓው የሚዞረው አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ በፖምፓው ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት በዋናው ዘንግ ላይ ሁለት ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ መካኒኩ አንደኛውን ሲሊንደር በእመቃ ላይ አድርጎ፣ የቮላኖውን ምልክት ፋብሪካው ከወሰነው ዲግሪ ጋር ማገጣጠም ይኖርበታል። ፖምፓውን ከመፍታቱ በፊትም የነበረበትን ቦታ በጭረት ምልክት ያደርግበታል፤ ዲግሪውም በመኪናው የጥገና መዝገብ ላይ ይሰፍራል።