ክፋትና የእግዚአብሔር ፈቃድ



በእምነታችን ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች መካከል እንደዚህኛው የቆየና የከበደ የለም፦ «እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ከሆነ ክፋትን ማስወገድ ይችላል፤ ቸር ከሆነም ማስወገድ ይፈልጋል፤ ክፋት ግን አለ፤ ስለዚህ ወይ አይችልም፥ ወይ አይፈልግም፥ ወይም ከነጭራሹ የለም።» የዚህ ክርክር ሥር ከክርስቶስ ልደት በፊት ለነበረው ለግሪካዊው ፈላስፋ ለኤፊቆሮስ የሚሰጥ ሲሆን፥ ጽፎ ያቆየልን ላክታንስዮስ የተባለ ክርስቲያን ሊቅ ነው።

ወጣቶቻችን ይህንኑ ሲያነሡ አንዳንድ መምህር «እንዲህ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው» በማለት ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ልማድ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ«ሱማ ቴዎሎጂካ» የእግዚአብሔርን መኖር የሚያስረዱትን አምስቱን መንገዶች ከማቅረቡ በፊት በመጀመሪያ ያስቀመጠው ተቃውሞ ይኸው የክፋት መኖር ነው።

ለመሆኑ ክፋት ምንድን ነው? ቅዱስ አውጎስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከማኒኬያውያን ጋር ነበረ፤ እነርሱም የብርሃንና የጨለማ ሁለት ዘላለማዊ መነሻዎች አሉ ብለው ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ387 በሚላኖ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ የተጠመቀው ይህ ሊቅ በኋላ የደረሰበት እውነት ግን ክፋት በራሱ የቆመ ህላዌ ሳይሆን ሊኖር የሚገባው በጎነት መጉደል መሆኑን ነው። ድንጋይ ባያይ ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ የሰው ዓይን ባያይ ግን ጉድለት ነው፥ ማየት ይገባው ነበርና። እንዲህ ማለት ክፋት የለም ማለት አይደለም። ረሃብ የምግብ ማጣት ነው፤ ነገር ግን ይገድላል።

ቅዱስ ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ ክርክሩን ይገለብጠዋል። ክፋት ካለ እግዚአብሔር የለም ለሚሉት፥ ክፋት የሚጎድለው የበጎነት ሥርዓት ባይኖር ኖሮ ክፋት ራሱ ባልኖረ፥ ያ ሥርዓትም ያለ እግዚአብሔር ባልኖረ ብሎ ይመልሳል። «ይህ ሊሆን አይገባም ነበር» ብሎ የሚጮህ ሰው «የሚገባ» ነገር መኖሩን አስቀድሞ መስክሯል።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ጉዳይ አለ፤ በእኔ አስተያየት የብዙ ሰው እምነት የሚሰናከለው ከፍልስፍናው ይልቅ በዚህ ነው። የሰከረ ሾፌር ሕፃን ገጭቶ ሲገድል ለቀስተኛው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይላል። «ፈቀደ» በግዕዝ ወደደ፥ ሻ ማለት ነው፤ በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎትም ፈቃዱ እንዲሆን ስንለምን እርሱ የሚወደው እንዲፈጸም መለመናችን ነው። በዕለታዊ አማርኛ ግን «ፈቀደ» ማለት አልከለከለም ማለትም ይሆናል፤ መንጃ ፈቃድ፥ የዕረፍት ፈቃድ እንዲሉ። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ለቀስተኛው «አልከለከለም» ለማለት የተናገረውን እናቲቱ «ልጅሽ እንዲሞት ወደደ» ብላ ትሰማዋለች። ይህም ሾፌሩን የእግዚአብሔር መልእክተኛ ያደርገዋል! እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 311 እንደሚያስረዳው እግዚአብሔር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የኃጢአት ምክንያት አይደለም፤ የፍጡሩን ነጻነት ስለሚያከብር ይታገሠዋል እንጂ፤ ከእርሱም በጎ ነገር ማውጣት ይችላል።

ተቃዋሚው ግን በዚህ አይቆምም። አውስትራልያዊው ፈላስፋ ማኪ በ1955 እንደጠየቀው «ሁልጊዜ በነጻነት በጎውን ብቻ የሚመርጡ ሰዎችን ለምን አልፈጠረም?» ይላል። አሜሪካዊው ፕላንቲንጋ በ1974 የሰጠው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ነጻ ምርጫ የመራጩ ነውና፥ ሰው በጎውን እንዲመርጥ በሌላ ከተገደደ ምርጫው ነጻ አይደለም። ፕላንቲንጋ ካቶሊክ አይደለም፤ የቅዱስ ቶማስ ተከታዮችም በዝርዝሩ ከእርሱ ጋር ሁሉን አይስማሙም፤ ነገር ግን የእግዚአብሔር መኖርና የክፋት መኖር እርስ በርሳቸው እንደማይፋረሱ በሚገባ አሳይቷል።

የሰው እጅ የሌለበት መከራስ? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፥ ምእመናን በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ሳሉ፥ የሊዝበን ከተማ በምድር መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ እሳትና የባሕር ማዕበልም ተከተለ፤ የሞቱት በአሥር ሺሕዎች የሚቈጠሩ ናቸው። ቮልቴር ይህን ይዞ «ሁሉ መልካም ነው» በሚሉት ላይ ተሣለቀ። ማላግሪዳ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ደግሞ በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ የመንቀጥቀጡ ምክንያት የሕዝቡ ኃጢአት ነው አለ። ከሁለቱ እምነትን ይበልጥ የጎዳው ሰባኪው ይመስለኛል፤ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር (ሉቃ. 13፥1-5) ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ አይደለም ብሎ ይህን አስተሳሰብ ዘግቶታልና። ፍጥረት ገና ወደ ፍጻሜው በመጓዝ ላይ ያለ ነው፤ ወጥ የሚያበስለው እሳት ያው ቤት የሚያቃጥለው ነው። ይህ ግን ሁሉን አይመልስም፤ ትምህርተ ክርስቶሱም (ቁጥር 309) ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ እንደማይበቃ፥ መልሱ የክርስትና እምነት በሙሉ እንደሆነ ያስተምራል።

አንድ አደገኛ ጥያቄ ይቀራል፦ እግዚአብሔር ከመከራ በጎ የሚያወጣ ከሆነ መከራን ለምን እንታገላለን? ከክፉ በጎ ማውጣት የእርሱ ሥራ ነው፤ ለእኛ የተሰጠው ትእዛዝ ሌላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በፌብሯሪ 11 ቀን 1984 ስለ መከራ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት መጨረሻ ላይ ደጉን ሳምራዊ ያቀረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳምራዊው ቁስለኛው በወንበዴ እጅ ለምን እንደወደቀ አልመረመረም፤ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፥ ሁለት ዲናርም ከፈለ።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ዝም ብለው ሲቀመጡ ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም። የተወቀሱት መከራውን ሊያስረዱ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው (ኢዮ. 42፥7)። በአገራችን ልቅሶ ቤት ዝም ብሎ አብሮ የመቀመጥ ልማድ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ መምህሩም በዚያ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ ይበቃል። አርባው ካለፈ በኋላ እናቲቱ ራሷ «ለምን?» ብላ ብትጠይቀው ግን ከ«ፈቃድ» ሁለት ፍቺዎች ይጀምርላት።