ዝቅ ያለ መኪና፦ በጎማና በአካል መካከል ያለው ክፍተት ለምን ይጠቅማል?

በዚህ የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ስለ መኪና ሞላ ነው። ርዕሱ መኪና ላለው ሰው ብቻ የተጻፈ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በመጠለያ ጣቢያችን መኪና ያለው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ በመኪና ተጭኖ ወገቡን ያልታመመ የለም። ከዚህም ሌላ ብዙ ወጣቶቻችን በየጋራዡ በረዳትነት ይሠራሉ። «ሞላውን ቆርጠህ መኪናዬን ዝቅ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚመልሱለት ማወቅ ይገባቸዋል። እኛም በጊዜው አናውቅም ነበር።

1. ከአል-ማንሺያ ያገኘነው ትምህርት

አል-ማንሺያ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከአገራችን በሚወርደው ዓባይ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። ትላልቅ ቤቶችና የአስፋልት መንገዶች ያሉት ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ድልድይ ወንዙን አሻግሮ ከሸርቅ አል-ኒል ጋር ያገናኘዋል። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ከእኛ መካከል ብዙዎች በጅሬፍና በሌሎች ሰፈሮች እየኖሩ በማንሺያ ይሠሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ የሰፈሩ ወጣት፣ እኛ ከማስተማር በተረፈን ሰዓት በምንረዳበት ጋራዥ የቤተሰቡን ኮሮላ ይዞ መጣ። መኪናው መሬት እንዲጠጋለት ከየሞላው ሁለት ሁለት ጥምዝ አስቆረጠ። በማንሺያ አስፋልት ላይ ሲነዳት በእርግጥ ታምር ነበር። እናቱ ዘመድ ለመጠየቅ ድልድዩን የተሻገሩ ዕለት ግን ነገሩ ተለወጠ። በድልድዩ መጋጠሚያ ላይ መኪናዋ «ጓ» ብላ መታች፤ አስፋልቱ አልቆ የአፈር መንገድ ሲጀምር ደግሞ እያንዳንዱ ጉድጓድ በእናትየው ጀርባ ላይ አረፈ። በሦስተኛው ሳምንት የሞተሩ ዘይት መያዣ ድንጋይ መትቶት መኪናዋ ዘይት እያንጠባጠበች ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

ወጣቱ «እንግዲያው የቆረጣችሁትን መልሱልኝ» አለን። የተቆረጠ ሞላ ግን አይቀጠልም። በብየዳ ቢያያዝ እንኳ እሳት የነካው ብረት ጥንካሬውን ስለሚያጣ በጉዞ ላይ ይሰበራል። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አልነበረም፤ መቁረጫውን የያዝነው እኛ ነበርን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ስለዚህ ነው።

2. የሞላ ሥራ ምንድን ነው?

የመኪናው አካል በጎማዎቹ ላይ በቀጥታ አልተቀመጠም። በመካከላቸው ጥምዝ ሞላ ወይም በጭነት መኪናዎች እንደምናየው ባሌስትራ አለ። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ሞላው ይጨመቃል፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል አካሉና ተሳፋሪው በአንጻራዊነት በቦታቸው ይቆያሉ።

ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሊሄድ የሚችልበት ርቀት የሞላው የጉዞ ርቀት ይባላል። ወደ ላይ የሚደረገው ጉዞ ማለቂያ ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የጎማ ማረፊያ ተደርጎለታል። ሾክ አብዞርበር ደግሞ ክብደት ለመሸከም ሳይሆን፣ ሞላው አንዴ ከተነካ በኋላ እየደጋገመ እንዳይዘል ለማቆም የተሠራ ነው።

እንግዲህ በጎማውና በአካሉ መካከል የሚታየው ክፍተት ባዶ ቦታ አይደለም። የመንገዱን ክፋት የምንከፍልበት ገንዘብ እንደማለት ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ዕዳውን የሚከፍለው የተሳፋሪው አከርካሪ ነው።

3. በቁጥር እንየው

ለማስረዳት ያህል አንድ ሞላ እንውሰድ። የሚሠሩት ጥምዞች 6፣ ሳይጫን ርዝመቱ 360 ሚሊሜትር ይሁን። 1 ሚሊሜትር ለመጨመቅ 2 ኪሎ ክብደት ይፈልጋል እንበል። መኪናው በእያንዳንዱ ጎማ በኩል 300 ኪሎ ቢያሳርፍበት፣ 300 ለ2 ሲካፈል 150 ስለሚሆን ሞላው 150 ሚሊሜትር ይወርድና 210 ሚሊሜትር ሆኖ ይቆማል። ከዚህ በላይ እስከ ጎማ ማረፊያው 80 ሚሊሜትር ይቀረዋል እንበል።

አሁን 1 ጥምዝ እንቁረጥ። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዞቹ ቁጥር ጋር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥምዙ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል። ስለዚህ ጥንካሬው ከ2 ወደ 2.4 ኪሎ ይወጣል። ሳይጫን ርዝመቱ 300፣ በ300 ኪሎ ሥር ደግሞ 175 ሚሊሜትር ይሆናል። መኪናው በ35 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ለጉብታ የቀረው ጉዞ 45 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

2 ጥምዝ ስንቆርጥ ጥንካሬው 3 ኪሎ ይሆናል፤ መኪናው በ70 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ የቀረው ጉዞ 10 ሚሊሜትር ነው። ይህም የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም።

ሞላው ማረፊያውን ሳይመታ ሊቀበል የሚችለው የምት ኃይል፣ ጥንካሬው በቀረው ጉዞ፣ እንደገናም በቀረው ጉዞ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል። ለማነጻጸር ያህል፦

ያልተቆረጠ፦ 2 × 80 × 80 = 12,800
1 ጥምዝ የተቆረጠ፦ 2.4 × 45 × 45 = 4,860
2 ጥምዝ የተቆረጠ፦ 3 × 10 × 10 = 300

1 ጥምዝ ሲቆረጥ የመቀበል አቅሙ ከመቶ 38 ያህል ብቻ ይቀራል። 2 ሲቆረጥ ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም። ሞላው ጠንክሯል፤ ነገር ግን ጥንካሬው የጠፋውን ጉዞ ሊተካ አልቻለም። ጉዞው በግማሽ ከቀነሰ፣ የቀድሞውን አቅም ለመመለስ 4 እጥፍ የጠነከረ ሞላ ያስፈልጋል።

ሌላም አደጋ አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል የሞላው መቀመጫ ቦታ እስከ 290 ሚሊሜትር የሚከፈት ቢሆን፣ ያልተቆረጠው 360 ስለሆነ ተጨምቆ በቦታው ይቆያል። ሁለት ጥምዝ የተቆረጠው ግን 240 ብቻ ነው። ከመቀመጫው ተላቆ ሊንሸራተትና ጠምዞ ሊገባ ይችላል። መኪና በክሪክ ሲነሳ ሞላው ሲንኳኳ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል መርምሩት።

4. ተሳፋሪው የሚጎዳው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዝቅ ያለ መኪና የማይመቸው ሞላው ስለጠነከረ ብቻ ይመስለዋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ያልተቆረጠው ሞላ ላይ ያለው አካል በደቂቃ 77 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ሁለት ጥምዝ የተቆረጠው 95 ጊዜ ያህል። ልዩነቱ ይታወቃል እንጂ ሰው አያሳምምም። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ጉዞው አልቆ ማረፊያው ሲመታ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞላው ሥራውን አቁሞ የመንገዱ ምት በቀጥታ ወደ አካሉ፣ ከአካሉ ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ወደ አከርካሪ ይተላለፋል።

የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሆን ንዝረት ይበልጥ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚሆነው ነው። ጥሩ ሞላ ያለው መኪና ግን በሰከንድ ከ1 ጊዜ ብዙም የማይበልጥ ውዝዋዜ ስላለው ተሳፋሪውን ከዚህ ያርቀዋል። ማረፊያውን ሲመታ ይህ ጥበቃ ይጠፋል።

የደኅንነት ጉዳይም አለበት። ማረፊያውን የመታ መኪና ጎማው ከመሬት ሊነሳ ይችላል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

5. ጭነትም መኪናን ዝቅ ያደርጋል

እስካሁን የተናገርነው የማንሺያን ወጣት ነው። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጣቢያው ወደ ገዳሪፍ ገበያ በምንሄድበት ፒክአፕ ላይ የማንም ሞላ አልተቆረጠም። ይሁን እንጂ ከኋላ ስንጫን መኪናው ዝቅ ይላል።

ያንኑ ያልተቆረጠ ሞላ እንውሰድ። በ70 ሚሊሜትር ዝቅ እንዲል 140 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ይበቃዋል። ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች 280 ኪሎ ነው። ይህም እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎችና አንድ የ40 ኪሎ ከረጢት ነው። እነዚህ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ሲያርፉ የቀረው ጉዞ 10 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ከዚህ የበለጠ ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ልዩነቱ፣ ጭነት ሲወርድ መኪናው ይነሳል፤ የተቆረጠ ሞላ ግን እንደተቆረጠ ይቀራል።

6. ታዲያ ለምን ዝቅ ያደርጋሉ?

ለመልክ ከሚያደርጉት ሌላ እውነተኛ ጥቅምም አለው። ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ መኪና በኩርባ ላይ ብዙ አያዘነብልም። የእሽቅድምድም መኪናዎች ከመሬት ጋር ሊነካኩ የሚደርሱት ለዚህ ነው፤ የሚሮጡት ግን እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለ መንገድ ላይ ነው። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲሜትር የሆነን መኪና በ3.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብናደርገው፣ በኩርባ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚዞረው ክብደት ከመቶ 6 ያህል ብቻ ይቀንሳል። የምናገኘው 6 ሲሆን የምናጣው ከላይ እንዳየነው 62 ነው።

ለመጥፎ መንገድ የታሰቡ መኪናዎች የተሠሩት በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየው የፈረንሳዩ ሲትሮየን «ዶ-ሼቮ» ሲታቀድ፣ እንቁላል ጭኖ በታረሰ ማሳ ላይ ሳይሰብር እንዲያልፍ ተፈልጎ ነበር። መልሱም ለስላሳ ሞላና ረጅም ጉዞ ሆነ። በሱዳን በረሃ ለብዙ ዘመን የታወቀው በድፎርድ ሎሪም ከመሬት ከፍ ያለ ባለባሌስትራ መኪና ነው።

በአገራችን ከተሞች ደግሞ ትናንሽ መኪናዎችን ከፍ ለማድረግ ከሞላው ሥር ማስገቢያ የሚጨምሩ አሉ። ይህ ሆዱን ከድንጋይ ያርቃል። ነገር ግን ጠቅላላውን ጉዞ አይጨምርም፤ ለጉብታ የሚሰጠውን ከጉድጓድ ይወስዳል።

7. ምን እናድርግ?

በጋራዥ ለምትሠሩ፦ ሞላ አትቁረጡ፤ በእሳትም አሙቃችሁ አታውርዱ። ደንበኛው የግድ ካለ፣ ለዚያ መኪና ተለክቶ የተሠራ አጭር ሞላ ከሚስማማው ሾክ አብዞርበር ጋር እንዲገዛ ንገሩት፤ የጎማዎቹም አቀማመጥ እንደገና ይስተካከል። ይህ ካልሆነ ጎማው በአንድ ወገን ይበላል፤ ሾኩም ቶሎ ዘይት ያፈሳል። ይህን ስትነግሩት ሌላ ጋራዥ ሊሄድ ይችላል። ቢሄድም ይሻላል።

ለሾፌሮች፦ የሾኩ ዘንግ በሚታይበት መኪና ላይ ቀጭን ክር በዘንጉ ሥር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከጉዞ በኋላ ክሩ እስከየት እንደተገፋ ስታዩ ምን ያህል ጉዞ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ጭነት መቀነስ ካልቻላችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የጉብታው የምት ኃይል በግምት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ለተሳፋሪዎች፦ ነፍሰ ጡር፣ ሕመምተኛና አረጋዊ ከኋላ ጎማ በላይ ወይም ከዚያ ወደ ኋላ አይቀመጡ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ቦታ ብዙ አይዘልም። ጠንካራው ሰው ወደ ኋላ ይሂድ፤ ቦታ መልቀቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ. 8 ጥምዝ ያለው ሞላ ጥንካሬው በሚሊሜትር 3 ኪሎ ነው። 2 ጥምዝ ቢቆረጥ ስንት ይሆናል?
ለ. ሞላው ሳይለወጥ የቀረው ጉዞ ከ80 ወደ 40 ሚሊሜትር ቢወርድ የመቀበል አቅሙ ምን ያህል ይቀራል?
ሐ. ከአሮጌ እስክሪፕቶ ሁለት ተመሳሳይ ሞላ አውጡ። አንዱን በግማሽ ቆርጣችሁ ሁለቱን በጣታችሁ ተጫኑ። የትኛው ይጠነክራል? የትኛውስ ቶሎ ጫፍ ይደርሳል?

መልስ፦ ሀ. 3 × 8 ÷ 6 = 4 ኪሎ። ለ. ሩብ። ሐ. ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ የተቆረጠው ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆናችሁ ሞክሩት፤ እኛ በማንሺያ በሰው መኪና የተማርነውን እናንተ በእስክሪፕቶ ሞላ ትማሩታላችሁ።