ከፊርማ በፊት፦ ከሙሳ (ዐ.ሰ) የሥራ ውል የምንማረው



ምረቃ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ውጭ አገር ሠርተን ቤተሰብ ለመርዳት እናስባለን። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ በአላህ ምድር መጓዝ ተፈቅዷል። ጥያቄው በምን ዓይነት ውል እንሄዳለን የሚለው ነው። ከእንጦጦ ዳገት እንጨት ተሸክመው ልጅ የሚያስተምሩ እናቶች ባሉበት በየካ፣ ለደላላ የሚወጣው ብር የማን ላብ እንደሆነ እናውቃለን።

1. የመድየን ውል

በሱራ አል-ቀሶስ (28፡22-28) እንደተነገረው ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብጽ ሸሽቶ መድየን የደረሰ ባይተዋር ነበር። ለሥራ የታጨው በብርታቱና በታማኝነቱ ነው፤ ዛሬ ሙያና አማና የምንለው። አሠሪው ልጁን ሊድርለት፣ እሱም ስምንት ዓመት ሊያገለግል፣ አሥር ከሞላ ግን በፈቃዱ እንዲሆን ቁርጡን ነገረው። ሙሳም ከሁለቱ አንዱን ጊዜ ከፈጸመ ሌላ እንዳይጠየቅ የራሱን ቃል አስገባ፤ አላህንም ምስክር አደረገ። ባይተዋርነቱ መብቱን ከመናገር አላገደውም።

2. ከፋላ

በፊቅህ ከፋላ የሌላውን ዕዳ ወይም ኃላፊነት በራስ ላይ መውሰድ ነው፤ ሸክሙ የዋሱ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ስም የሚጠራው ሥርዓት ግን የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር አሰረ። ኳታር ሥራ ለመቀየር የአሠሪ ፈቃድ ያስፈልግ የነበረበትን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2020 አነሳች። ሳዑዲ ዐረቢያም በ2021 ደንቧን አላላች፤ የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተችም።

3. የአገራችን ሕግ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ይሸፍናል። ስለዚህ «የቪዛ ክፈል» የሚለን ሰው የአሠሪውን ዕዳ ወደ እኛ እያዞረ ነው። «በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ይስተካከላል» የሚለው ደግሞ ውል በሌለበት ሊያስገባን ነው። ያለ ውል የሄደ ሰው ደመወዙ ሲከለከል የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ከመፈረማችን በፊት ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ዘመኑንና መመለሻውን በምንረዳው ቋንቋ እናንብብ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እናጣራ። ያነበብነውንም ለጎረቤት እህቶቻችን እናንብብላቸው።

ለሐለቃ መወያያ
• ሙሳ (ዐ.ሰ) በውሉ ላይ የራሱን ቃል ማስገባቱ ምን ያስተምረናል?
• ከአሠሪ በፊት እኛስ በሙያችን ታማኞች ነን?

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ውላችንን ከበደል የጠራ ያድርግልን። አሚን።